ሲጠፋ አደራ፣ ሲያተርፍ ብድር?



«ገንዘቤ እገሌ ካርድ ላይ ነው» የሚለውን ንግግር በቶር ፒኛታራ የምንኖር ሐበሾች ሁላችንም ሰምተናል። ደመወዙ በጓደኛው ኢባን የሚገባለት አለ። ቁጠባዋን በዘመድ ፖስተፔይ ላይ የምታስቀምጥ እህት አለች። ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ደግሞ የአምስት የስድስት ሰው ዩሮ በአንድ ኪስ ይጓዛል፤ አለዚያም በተጓዡ ካርድ ላይ ይከማችና እዚያ ሲደርስ በብር ይታደላል። አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይደርሳል፣ አልሐምዱሊላህ። የሰው ገንዘብ የሰረቀ ሰው ጉዳይ ግልጽ ስለሆነ ጽሑፍ አያስፈልገውም። የእኔ ጥያቄ ያልሰረቀውን ይመለከታል፦ አንድ ሰው በስሙ ካርድ ላይ ያለውን የሌላ ሰው ገንዘብ ለጊዜው ተጠቅሞበት በቀጠሮው ቀን ሙሉውን ቢመልስ ማንን በደለ?

እኔ ዐሊም አይደለሁም፤ ሙያዬ ምሕንድስና ነው። ፈትዋ የሚፈልግ ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። እዚህ የምጽፈው ከታወቁ ሐዲሦችና ከዚህ አገር ሕግ ተነስቼ ያሰብኩትን ነው።

ከመፍረዳችን በፊት ግን ሰው ለምን በሌላ ሰው ካርድ እንደሚጠቀም እንይ። በጣሊያን ከጁላይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ አሠሪ ደመወዝን በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፍል ሕግ ከልክሏል። በቤት ሥራና በአረጋውያን እንክብካቤ የተሰማሩት ከዚህ ክልከላ ውጭ ስለሆኑ ብዙ እህቶቻችን እስካሁን በእጅ ይቀበላሉ። በጽዳት፣ በግንባታ ወይም በምግብ ቤት የሚሠራው ግን ኢባን ካላቀረበ ይቸገራል። ለኢባን ሰነድ ይጠየቃል፤ ለሰነዱ ሬዚዴንሳ፣ ለሬዚዴንሳ ቤት። በ2014 የወጣው የሉፒ አዋጅ በአንቀጽ 5 ያለ ፈቃድ በተያዘ ሕንጻ የሚኖር ሰው በዚያ አድራሻ ሬዚዴንሳ እንዳያወጣ ከለከለ። በኦገስት 2017 ከፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳው ሕንጻ ፖሊስ ያስወጣቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የስደተኝነት እውቅና ያገኙ ናቸው። ወረቀት እያለው አድራሻ ያጣ ሰው የወንድሙን ካርድ ቢዋስ ምን ይገርማል? የሚያውሰውም ሰው መልካም እየሠራ ነው። ይህን ሳላምን ቀጥሎ ያለውን ብጽፍ ነገሩ የድሆችን በር መዝጋት ይሆንብኝ ነበር።

በሩም ሁሉ የተዘጋ አይደለም። የ2014ቱ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ በኅብረቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው፣ ጥገኝነት ጠያቂና ቋሚ አድራሻ የሌለው ጭምር፣ መሠረታዊ የባንክ ሂሳብ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እዚህ «ኮንቶ ዲ ባዜ» ይባላል። ባንኩ የተሟላ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሂሳቡን መክፈት ወይም እምቢታውን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ኢዜኤው ከ11,600 ዩሮ በታች ለሆነ ሰው ደግሞ ያለ ዓመታዊ ክፍያ ነው። መስኮት ላይ በቃል «አይሆንም» ለተባለ ወንድም «እባክዎ በጽሑፍ ይስጡኝ» የምትለዋን የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር ማስተማር፣ ካርድ ከማዋስ የማያንስ ውለታ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ።

በቋንቋችን «አደራ በላ» ከሚለው የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። የሚገርመው ግን ስድቡን የምንጠብቀው ጨርሶ ለካደ ሰው መሆኑ ነው። በልቶ ለተካው፣ ማለትም ዛሬ ወስዶ በወሩ መጨረሻ ለሞላው፣ ስም የለንም። የካርድ ገንዘብ ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ድሮ አደራ በጨርቅ ተቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ቋጠሮውን የፈታ እጅ መፍታቱን ያውቃል። ካርድ ላይ ቋጠሮ የለም። የእኔ 300 እና የወንድሜ 700 ተደምረው 1,000 ተብለው ይታያሉ። ሱቅ ገብቶ 400 የከፈለ ሰው የወንድሙን 100 መንካቱን የሚነግረው ማሽን የለም። እጁ ሳያውቅ ይበላል።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲሰደዱ በእጃቸው የመካ ሰዎች አደራ ነበር። ያሳደዷቸው ሰዎች ጭምር ንብረታቸውን የሚያስቀምጡት እሳቸው ዘንድ ነበር። ዐሊይን (ረ.ዐ) ወደ ኋላ ያስቀሩት ያንን ለየባለቤቱ እንዲመልስ መሆኑን የሲራ መጻሕፍት ይተርካሉ። በዚያ ሌሊት ገንዘቡን ለስንቅ ተጠቅሞ በኋላ መተካት የሚል ሐሳብ ለማንም ምክንያታዊ በመሰለ ነበር፤ ሙሃጂሮቹ ቤትና ንብረታቸውን መካ ጥለው ወጥተዋልና። ይህ ግን አልሆነም። ከዚያም ዓመታት ቀደም ብሎ ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ነቢዩ ሲናገር ካነሳቸው ነገሮች መካከል ታማኝነታቸውና አደራን ስለ መመለስ ያስተማሩት ይገኙበታል። ስለ እስልምና በሐበሻ ምድር ከተነገሩት የመጀመሪያዎቹ ቃላት ውስጥ አደራ አለበት ማለት ነው። እኛ ሐበሻ ሙስሊሞች ይህን ታሪክ በኩራት እናነሳዋለን፤ የአደራውን ክፍል ግን እምብዛም አናነሳም።

«መለሰ እኮ፣ ማን ተጎዳ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይህ ነው። አደራ አስቀማጩ ያስቀመጠው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ዛሬም ነገም በፈለገ ሰዓት መጥቶ የመውሰድ መብቱንም ነው። ገንዘቡን የነካ ሰው በቀጠሮው ቀን ቢመልስም በመካከል ያሉትን ቀናት ከባለቤቱ ወስዷል። በእነዚያ ቀናት ስልክ ባይደወል እድል እንጂ ታማኝነት አይደለም። ድልድይ ከተተመነለት በላይ ጭኖ ያለፈ መኪና ድልድዩ ስላልወደቀ ብቻ ልክ አልነበረም፤ በእኛ ሙያ እንዲህ ያለውን ማለፍ እንደ አደጋ እንመዘግበዋለን። የፊቅህ ሊቃውንትም አደራን ያለ ፈቃድ የተጠቀመ ሰው፣ ገንዘቡ በኋላ ያለ ጥፋቱ ቢጠፋ እንኳ፣ ተጠያቂ እንደሚሆን ያስተምራሉ። መንካቱ ራሱ ውሉን ቀይሮታል።

ታዲያ መጠቀም ጨርሶ አይቻልም? ይቻላል፤ ግን በግልጽ። እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ በቡኻሪ የተዘገበው የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ሰዎች ገንዘብ አምጥተው አደራ ሊያስቀምጡበት ሲሉ እሱ አደራነቱን አይቀበልም፤ ይጠፋብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ብድር ይሁን ይላቸው ነበር። ነገሩን ላላሰበበት ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል። አደራ ያለ ቸልተኝነት ከጠፋ ጠባቂው አይከፍልም። ብድር ግን ቢጠፋም ቢሰረቅም ተበዳሪው ይከፍላል። ዙበይር ገንዘቡን የመጠቀም መብት ሲወስድ የመክፈል ግዴታውንም አብሮ ወሰደ። ጥቅሙንና ኃላፊነቱን አልነጣጠለም።

በነገራችን ላይ ዛሬ ባንክ የሚሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም። ባንክ ያስገባነው ገንዘብ ስሙ «ተቀማጭ» ቢሆንም ባንኩ ይጠቀምበታል፣ መመለሱም ግዴታው ነው፤ በዘመናችን ብዙ ዑለማዎች እንደ ብድር የሚያዩት ለዚህ ነው። ወለዱ ሪባ የሚሆነውም ከዚሁ የተነሳ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ባንክ ቢከስር እስከ 100,000 ዩሮ ድረስ የዋስትና ፈንድ ይከፍላል። የጓደኛ ኪስ እንዲህ ያለ ፈንድ የለውም።

የእኛ ችግር ታዲያ ሁለቱንም ስሞች መያዛችን ነው። ገንዘቡ ፊዩሚቺኖ ላይ ሲጠፋ ያዡ «አደራ ነበር፣ ምን ላድርግ» ይላል። ምንዛሬው ሲያተርፍ ያው ሰው «እኔ ልሰጥ የተስማማሁት ይህን ያህል ብር ነው፣ ልዩነቱ የእኔ ነው» ይላል። ሲጠፋ አደራ፣ ሲያተርፍ ብድር። ባለገንዘቡም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ሲጠፋበት «አበድሬሃለሁ፣ ክፈለኝ» ይላል፣ ሲያተርፍ «ገንዘቤ ነው፣ ትርፉም የእኔ» ይላል። እያንዳንዱ ውሉን የሚመርጠው ውጤቱን ካየ በኋላ ነው። ሁለቱም ሶላት የሚሰግዱ፣ ሁለቱም በልባቸው ሐቀኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ችግሩ መጀመሪያ ቀን ያልተነገረ ነገር በመጨረሻው ቀን በሁለት መንገድ መታወሱ ነው።

ይህ ጥያቄ በጣም የጎላው በ2024 ክረምት ነው። በጁላይ 29 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ። አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ወጣ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እንበልና አንድ ሰው በጁላይ መጀመሪያ ሮም ላይ ለእናቱ የሚደርስ 500 ዩሮ ለተጓዥ ሰጠ። ተጓዡ ዘግይቶ አዲስ አበባ የደረሰው በኦገስት መጨረሻ ነው። ለሂሳብ እንዲመቸን ዩሮው መጀመሪያ 60 ብር፣ በኋላ 110 ብር ነበር እንበል። በአፍ የተባለው «ለእማማ ሠላሳ ሺህ ብር ትሰጥልኛለህ» ነው። ዩሮው ሲመነዘር ግን 55,000 ብር ሆነ። 25,000 ብሩ የማን ነው?

ተጓዡ «ቃሌን ጠብቄ 30,000 ሰጥቻለሁ» ሊል ይችላል፤ ሲሰማም ምክንያት ያለው ይመስላል። እኔ ግን በየትኛውም መንገድ ብሄድ ልዩነቱ ወደ ተጓዡ የሚደርስበት አላገኘሁም። ገንዘቡ አደራ ከሆነ ያ 500 ዩሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የላኪው ነው፤ የተመነዘረውም የእሱ። ተጓዡ ወኪል ከሆነ የዑርዋ አል-ባሪቂይ (ረ.ዐ) ሐዲሥ አለ፦ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዛ አንድ ዲናር ሰጡት፣ እሱም በዲናሩ ሁለት በግ ገዝቶ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጠና በጉንም ዲናሩንም ይዞላቸው መጣ። እሳቸውም በንግዱ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉለት። የወኪሉ ብልጠት ያስገኘው ትርፍ እንኳ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፤ ሐምሌ 22 የመጣው ልዩነት ደግሞ የተጓዡ ብልጠትም አይደለም። ብድር ነው ከተባለም ዕዳው 500 ዩሮ ነው። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ግመል በዲናር ሸጦ ዲርሃም ስለ መቀበል ሲጠይቅ በዕለቱ ዋጋ ከሆነና ሳይለያዩ ሂሳቡን ከጨረሱ ችግር እንደሌለው ተነግሮታል። ዩሮን በብር የሚከፍል ሰውም በሚከፍልበት ቀን ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። «ሮም ላይ ዩሮውን በ60 ሸጬለታለሁ» የሚል አራተኛ መንገድ ቢቀር ደግሞ እሱ ምንዛሬ ነው፤ ምንዛሬ እጅ በእጅ ካልሆነ ዘይገት ያለበት ሪባ እንደሚሆን ኡስታዞቻችን ደጋግመው አስተምረዋል።

ይህን ስል ተጓዡ በነጻ ይልፋ ማለቴ አይደለም። ሻንጣው ውስጥ የሰው ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሰው ጭንቀት አለበት፤ ከኅብረቱ ሲወጣ በእጁ ያለው ተደምሮ 10,000 ዩሮ ከደረሰ ለጉምሩክ ማስመዝገብ ያለበትም እሱ ነው፣ «የስድስት ሰው ነው» ማለት አያድነውም። ድካሙን በግልጽ ይጠይቅ፤ «20 ዩሮ ትከፍለኛለህ» ይበል። ግልጽ ክፍያ ሐላል ነው፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። የሚያሳፍረው ደሞዙን ከምንዛሬው ሆድ ውስጥ ደብቆ ማውጣት ነው።

ካርዱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጥቂቱን ልንካ። በተጓዡ ካርድ ላይ ያለ የሰው ገንዘብ በማሽን ሲወጣ፣ በመካም በጅዳም እንደሚገጥመን፣ ስክሪኑ «በዩሮ ላስከፍልዎ ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ይላል። ዩሮ የሚለው የሚያውቁት ስለሚመስል ብዙ ሰው እሱን ይጫናል። ያኔ ምንዛሬውን የሚተምነው የማሽኑ ባለቤት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚወደው እሱ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚሳሳት ሰው የራሱን ነው የሚያጣው። የሰው አደራ የያዘ ግን ይህን ማወቅ ግዴታው ይመስለኛል፤ በአገሩ ገንዘብ የሚለውን ይጫን።

ሚስጥር ቁጥርም አለ። ካርድ ቢሰረቅ ባለካርዱ ለባንኩ ከማሳወቁ በፊት ለወጣው ገንዘብ በአውሮፓ ሕግ የሚሸከመው ቢበዛ 50 ዩሮ ነው፤ ከባድ ቸልተኝነት ካሳየ ግን ሙሉውን ይሸከማል። የፊቅሁ ሕግ ከዚህ ጋር መግጠሙ ደስ ይለኛል፦ አደራ ጠባቂ አይከፍልም፣ ቸል ካለ ግን ይከፍላል። ቁጥሩን ለሦስት ጓደኛ የሰጠ፣ ወይም ወረቀት ላይ ጽፎ ከካርዱ ጋር ያኖረ ሰው፣ በባንኩም በዑለማውም ፊት «ጠብቄ ነበር» ለማለት ይቸግረዋል።

ከኦክቶበር 9 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በዩሮ አካባቢ ያሉ ባንኮች ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስምና ኢባኑ መመሳሰሉን አይተው ለላኪው ይነግሩታል። የአንዱ ስም በሌላው ኢባን ላይ ሲጻፍ አሠሪው አለመግጠሙን ያያል። በባለካርዱ በኩልም የሌላው ቁጠባ በዓመቱ አማካይ ተቀማጭ ውስጥ ተቆጥሮ ኢዜኤው ላይ ይገባል፤ የልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ሊጨምርበት፣ ድጎማው ሊቀነስበት ይችላል። ሳያስመዘግብ ቢቀር ደግሞ ሐሰተኛ መግለጫ ሰጠ ማለት ነው። ካርድ ተዋሹ ይህን ሊያውቅለት ይገባል፤ «ካርድ ምን ያስከፍላል» ብሎ ማለፍ የዋህነት ነው። ዘካው ግን የባለገንዘቡ ነው። ኒሷብ ሞልቶ ዓመት የዞረበት ቁጠባ በሌላ ሰው ስም ስለተቀመጠ ከዘካ አይድንም፤ ባለካርዱም የሰውየውን ከራሱ ጋር ደምሮ አያወጣም።

«ወንድሜን ጻፍልኝ ማለት አላምንህም ማለት አይሆንም?» ይባላል። በቁርኣን ረጅሙ አያ፣ በሱረቱል በቀራ፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ የተነገረውም ለአማኞች ነው። ለሚተማመኑ ሰዎች መጻፍ ካላስፈለገ ለማን ሊያስፈልግ ነው? እኛ ደግሞ ወረቀት አያጥረንም፤ የዋትሳፕ መልእክት እንኳ በቂ ጅምር ነው። ስንት እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ፣ አደራ ወይስ ብድር፣ ነክቶ መጠቀም ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም፣ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚመነዘር፣ የድካም ክፍያው ስንት እንደሆነ። አንድ መልእክት፣ ከሌላው «እሺ» የሚል መልስ። ከዚያ ባለካርዱ ለቤተሰቡ አንድ ሰው ይንገር።

የመጨረሻዋን ነገር የምለው በዙበይር ምክንያት ነው። በጀመል ቀን ሲገደል ዲናርም ዲርሃምም አልተወም፤ የተወው መሬትና ቤት፣ እንዲሁም ከእነዚያ አደራን ወደ ብድር ከለወጡ ስምምነቶች የመጣ ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዕዳ ነበር። ከመሞቱ በፊት ግን ለልጁ ለዐብደላህ ስለ ዕዳው አደራ ብሎት ነበር። ዐብደላህም መሬቱን ሸጦ ከፈለ። ወራሾቹ «አሁን አካፍለን» ሲሉት እምቢ አለ፤ አራት ዓመት ሙሉ በሐጅ ወቅት ዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ እያለ አስጠራ፤ ያካፈላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛ ባለካርድ ሮም ውስጥ ቢሞት ባንኩ ሂሳቡን ዘግቶ የሚጠብቀው ወራሾችን ነው። ወራሾቹ ምናልባት ኮምቦልቻ ወይም ጅማ ናቸው። ቶር ፒኛታራ ውስጥ በዚያ ሂሳብ ላይ የሁለት ዓመት ደመወዝ ያለው ሰው መኖሩን ማን ነግሯቸው ያውቃሉ?

ወላሁ አዕለም።